የአሸዋ ቀባሪው ወገብ

ሰውን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ የወገብ ህመም የሚያስታግስ ሰው፣ የገዛ ወገቡ ሲያመው ለማን ይነግራል? ዑምራን ለማንም አልነገረም።

ዑምራን በግብፅ በረሃ መሐል ያለችው የሲዋ ሰው ነው። አባቱም አያቱም በደክሩር ተራራ ሥር፣ በጋው ሲከር ከሩቅ አገር እያነከሱ የሚመጡትን ሰዎች በጋለ አሸዋ ሲቀብሩ ኖረዋል። ጉድጓዱ በጠዋት ይቆፈርና አፉን ከፍቶ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል። ከቀትር በኋላ በሽተኛው ከግልድም በቀር ልብሱን አውልቆ ይጋደማል፤ እስከ አንገቱም አሸዋ ይለብሳል። ብዙ ሳይቆይ ይወጣና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ድንኳን ውስጥ ትኩስ አብሽ እየጠጣ ያልበዋል። ከዚያ በኋላ ነፋስ እንዳይነካው፣ ቀዝቃዛ ውሃም እንዳይደርስበት ይጠበቃል። ይህን ሕግ የሲዋ ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል።

አሸዋ ቀላል የሚመስለው ላልዛቀው ሰው ነው። ዑምራን ከጉርምስናው ጀምሮ ጎንበስ ቀና ሲል የኖረ ሰው ነውና አንድ በጋ ላይ ወገቡ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ከጀለቢያው ሥር አሰረ። ቀጥሎ ወደ አንዲት አሮጊት ሄዶ በጋለ ምስማር ተተኮሰ። ከመድኃኒት ቤት የገዛው ክኒን ጨጓራውን እስኪያቃጥለው ድረስ ዋጠ። ሲብስበት ደግሞ «ንዳድ ያዘኝ» እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ በተኛ ቁጥርም የበለጠ እንጨት ሆኖ ይነሳል። ሐኪም ዘንድ አልሄደም። የአጎቱ ልጅ ወገቡን ከተቀደደ በኋላ በምርኩዝ ቀርቷል ሲባል ሰምቶ ነበርና፣ ለእሱ ከሐኪም ቤት በር ጀርባ ቢላ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

በገዛ አሸዋህ ለምን አልተቀበርክም የሚለው ቢኖር፣ ለመቀበር ልብስ ማውለቅ ያስፈልጋል። ልብሱን ቢያወልቅ በክር የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ቀበቶውንና የምስማሩን ጠባሳ ያያል። በክር ደግሞ ከአምናው በጋ ጀምሮ በጎን እያየው ነው።

«አያ ዑምራን፣ አንተ በር ላይ ተቀመጥና እንግዳ ተቀበል። አካፋውን ለኔ ተወው» ይለዋል።

በክር የሚለው በቅን ልብ ነው። ዑምራን ግን ይህን ሲሰማ፣ ሰዎች ከፈኑን ሲለኩለት የሚያይ ይመስለዋል። «አካፋው ከእጄ የሚወጣው እኔ ስወጣ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ነገሩ የሆነው የሲዋ በጋ በሚከርበት ወር፣ ነሐሴ ውስጥ ነው። በአጉርሚ ሰፈር አንድ የተከበረ ሽማግሌ አረፈና የደክሩር ወንድ ሁሉ ለቀብር ወጣ። በክርም ጀለቢያውን ቀይሮ ሞተሩን አስነሳ።

«ዛሬ ማንም እንዳይገባ፤ ጉድጓዱን ሸፍነው» አለ።

«እሺ» አለ ዑምራን።

ሊሸፍነው እየተጎተተ ሲሄድ ሐጂ ሸውቂ መጡ። ሐጂ ሸውቂ ከደማንሁር የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወገባቸውን ይዘው፣ በጨዋታ መሐል እያቃሰቱ የሚሄዱ ሰው ናቸው። አሸዋውን ቀምሰው ወደውታል፤ በማግስቱም በጠዋት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው።

«ሼኽ ዑምራን፣ የመጨረሻዋን አታስቀርብኝ» አሉ። «እኔ እኮ መንገደኛ ጥዬ ሄጄ አላውቅም።»

«ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ሐጂ።»

«ታዲያ እኔ ብቻዬን አይደለሁም? አንድ ቀባሪ ለአንድ ሬሳ አያንስም።»

የዑምራን አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ነገር አጥብቀው ይከለክሉ ነበር፤ ሰው ለብቻው ሰው አይቀብርም። ሁለት አካፋ ከሌለ ጉድጓዱ ይዘጋል። ዑምራን ይህን ያውቃል። ግን በክር ተመልሶ ሲመጣ «ቀበርኩ፣ አወጣሁ፣ ምን ሆንኩ?» ሊለው አማረው። ሰውን ያሳተ ሰይጣን ሁልጊዜ በትልቅ በር አይገባም፤ አንዳንዴ እንዲህ ባለች ቀዳዳ ይገባል።

«ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ነገር የለብዎትም አይደል?» ብሎ እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«እኔ? ሞተሬ አዲስ ነው። የተበላሸው ሻንሲው ነው።»

ሐጂ ተጋደሙ። ዑምራን ጥርሱን ነክሶ ዛቀ። እያንዳንዷ አካፋ ከወገቡ እስከ ግራ ተረከዙ የእሳት ክር ትስብበት ነበር። ሐጂ እስከ አንገታቸው ሲሸፈኑ ጥላውን ከራሳቸው በላይ ተከለና አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ፊታቸውን ያብስ ጀመር።

«ሚስቴ ብታየኝ ‹እሰይ፣ ገላገላችሁኝ› ትላለች» አሉ ሐጂ።

«አላህ ያቆይዎት።»

«እኔን ነው እሷን?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሐጂ ዝም አሉ። ዝምታቸው ዑምራንን አላማረውም፤ እኚህ ሰው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ፊታቸውን አየ። ቀልቷል፤ ላብ ግን የለውም።

«ሐጂ?»

«ልቤ ... ትንሽ ፈጠነብኝ። ክኒኑን ስላልወሰድኩ ይሆናል።»

«የምን ክኒን?»

«የግፊቱን ነዋ። ከአሸዋው ጋር አይስማማም ብዬ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ተውኩት። ብነግርህ አትቀብረኝማ።»

ዑምራን ተስፈንጥሮ ተነሳ። አካፋውን ያዘ፣ ጎንበስ አለ፣ በጥድፊያ ዞረ። አንድ ነገር ወገቡ ውስጥ ቋ አለ። ዓለም ነጭ ሆነችበት። ዓይኑን ሲገልጥ ጉንጩ አሸዋ ላይ ነው፤ ጥላውም ሲወድቅ ተጎትቶ ወዲያ ተጋድሟል። ፀሐይዋ በሐጂ ሸውቂ ግንባር ላይ ቀጥ ብላ ወርዳለች።

ለመነሳት ሞከረ። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ የሌላ ሰው ሆነበት። በክርኑ ተሳበና ጭንቅላታቸው አጠገብ ደረሰ፤ በአንድ እጁ አሸዋውን ይገፋ ጀመር። የገፋውን ያህል ተንሸራቶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ በጉልበቱ ሊደገፍ ቢል ሕመሙ ትንፋሹን ቀማው።

«አንተም ... ወደቅህ?» አሉ ሐጂ ባበጠ ምላስ።

«ደህና ነኝ። እጅዎን ማንቀሳቀስ ይችላሉ?»

ሐጂ ሞከሩ። አሸዋው አልነቃነቅ አለ። ደህና ሰው እንኳ ብቻውን አይወጣውም፤ ክብደቱ ሬሳ እንደመሸከም ነው።

ከሴቶቹ ጉድጓድ የሚለየው የዘንባባ አጥር ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከአጥሩ ጀርባ ሚስቱ አብሽ እያፈላች ነው። በሴቶቹ ተራ ሴቶቹን የምትቀብረው እሷ ናት፤ በወንዶቹ ተራ ግን ዓይኗም ድምፅዋም ከአጥሩ አያልፍም። የሲዋ ወንድም በእንግዳ ወንድ ፊት የሚስቱን ስም አይጠራም። ስሟ ጓዳው ነው፤ ለባዕድ አይከፈትም። ሲፈልጋት «እናንተ ቤቶች!» ይላል። እሷም ሰምታ እንደሆነ ታጨበጭባለች።

«እናንተ ቤቶች!» ብሎ ጮኸ።

ከአጥሩ ወዲያ ጭብጨባ ተሰማ። ሰሃን ተንኳኳ፤ አብሹ በአጥሩ ሥር፣ እንደተለመደው፣ በትሪ ተገፍቶ ወጣ።

«እሱን አይደለም! ቶሎ! ቶሎ!»

ደግማ አጨበጨበች። ሁለተኛ ስኒ ተገፋ። ምን ታድርግ? እንግዳው ሁለት መስሏት ነው። ወንድ ራቁቱን ወደ ተጋደመበት ትመጣለች ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ዑምራን ወደ መንገዱ አየ። ውሻ እንኳ የለም። ወንዱ ሁሉ አጉርሚ ነው።

«ትኬት ያልቆረጠ!» አሉ ሐጂ በድንገት፣ በጠንካራ ድምፅ። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ የሚያዩት ግን እሱን አይደለም። «ያን በር ዝጉት፣ አቧራ ይገባል ... ፍሬኑ ... ፍሬኑ አልያዘም ...»

ዑምራን በሕይወቱ ብዙ ፈርቷል፤ እንዲህ ግን ፈርቶ አያውቅም። «ያ ረብ፣ የኔን ኩራት በሰው ነፍስ አታስከፍለኝ» አለ። ከዚያ አፉን ከአሸዋው ላይ አንስቶ፣ ባለው ትንፋሽ ሁሉ፣ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በሰው ፊት ያልጠራውን ስም ጠራ።

«መብሩካ! መብሩካ!»

ጭብጨባ አልተሰማም። ከዚያ የዘንባባው አጥር ቀጭ ቀጭ እያለ ተቀደደ። ኋላ ለልጇ ለመርየም ስትነግራት «ስሜን ስሰማ ሞት ራሱ የጠራኝ መሰለኝ» ብላለች።

መከናነቢያዋን እስከ ዓይኗ ስባ እየሮጠች መጣች። የተዘረጋውን ባሏን አየች፣ ወደ እሱ አጎነበሰች።

«የመርየም አባት! ምን ነካህ?»

«እኔን ተይኝ። እሳቸውን አውጪ።»

ያኔ ከአሸዋው የወጣውን የሐጂን ጭንቅላት አየችና ፊቷን ወዲያ አዞረች። «ራቁታቸውን እኮ ናቸው!»

«እየሞቱ ነው! አላህ ያየናል፣ አውጪያቸው!»

መብሩካ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከከች። አካፋውን አላነሳችም። ሥራውን ታውቀዋለችና በሁለት እጇ መጀመሪያ ደረታቸውን ገላለጠች፤ ትንፋሻቸው ሲዘረጋ ዑምራን ሰማው። ቀጥሎ ክንዶቻቸውን አወጣች። በብብታቸው ይዛ ወደ ኋላ እየተንገዳገደች፣ አንድ ጊዜ ወድቃ ተነስታ፣ ድንኳኑ ጥላ ውስጥ አስገባቻቸው። ዑምራን በክርኑ እየተሳበ ተከተላት። የሐጂ ቆዳ እንደ ምድጃ ዳቦ ይፋጃል፤ ደግሞ ደረቅ ነው።

መብሩካ እጇ እንደለመደው ብርድ ልብሱን ሳበች።

«ተይው! ውሃ አፍስሺባቸው!»

ደንግጣ ቆመች። «ቀዝቃዛ ውሃ? ይገድላቸዋል! አባትህ ምን ይሉ ነበር?»

ዑምራን ራሱ ያለውን ነገር ሲሰማ ዘገነነው። አባቱ ሲያስተምሩት የኖሩትን በአንድ ቃል እየሻረ ነው። ቢሳሳትስ? ሰውየው በውሃው ቢሞቱስ? ግን እጁን ደረታቸው ላይ አድርጎ ነበር።

«አባቴ ያሉት ላላበው ሰው ነው» አለ። «እሳቸውን አላላባቸውም። ውስጣቸው እየነደደ ነው። አፍስሺ!»

እንስራውን በሙሉ ገለበጠችባቸው። መከናነቢያዋን ከላይዋ ገፍፋ በፈሰሰው ውሃ ነከረችና አለበሰቻቸው፤ በትሪውም ታራግብላቸው ጀመር። ፀጉሯ ተገልጦ ነበር። አንዳቸውም ይህን አላስተዋሉም። ዑምራን የሚያውቀውን ሱራ ሁሉ እየቀላቀለ ይደግማል፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል።

ሐጂ ሸውቂ ለረጅም ጊዜ አቃሰቱ። በመጨረሻ ዓይናቸው ተንከራትቶ አንድ ቦታ ቆመ።

«ደረስን?» አሉ።

«ገና ነው ሐጂ» አለች መብሩካ፣ በባዕድ ወንድ ፊት ተናግራ የማታውቀው ሴት። «አረፍ ይበሉ፣ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።»

በክር ከቀብር ሲመለስ ሦስቱን በዚያ ሁኔታ አገኛቸው። አጥሩን አየ፣ አካፋውን አየ፣ ወንድሙን አየ።

«አንድ ቀብሬ ብመጣ ሁለት ልትጨምሩልኝ ነበር?» አለ፤ እንባው ግን ቀድሞት ነበር።

ባለ ሦስት እግሩን ሞተር አምጥቶ ሁለቱንም ጫናቸው። ሐጂ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ዑምራን ቀጥ ብሎ ተኛ። በገበያው መሐል ሲያልፉ አንድ ነገረኛ «ይሄ ምን ዘመን ነው ጎበዝ፣ ታማሚው ተቀምጦ ሐኪሙ ተኝቶ ይሄዳል!» ሲል ተሰማ። ዑምራን ዓይኑን ጨፈነ።

ሆስፒታል ለሐጂ ወዲያው ግሉኮስ ተሰካላቸው፣ ግፊታቸውም ተለካ። ወደ ዑምራን የመጣችው ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ አነጋገሯ ፈጣን ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?»

ዑምራን በክርን አየው። በክር ከአልጋው ግርጌ ቆሟል። «ዛሬ ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዓመታት ሆኖታል» አለ። «ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ደበቅሁት።»

በክር አቀረቀረ።

ሐኪሟ እግሩን ቀጥ አድርጋ አነሳች፤ ጣቱን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች፤ «ግፋኝ» እያለች መዳፏን በእግሩ አስገፋችው። ሽንቱን ይቆጣጠር እንደሆነ፣ በጭኑ መሐል ይደነዝዘው እንደሆነ ስትጠይቀው በኀፍረት ላብ ሰመጠ፤ ግን መለሰላት።

«ቢላው መቼ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«የምን ቢላ?»

«የወገቡ።»

«ማን ቢላ አለህ? ነርቭህ ተጭኗል፤ እግርህ ግን ይገፋል፣ ሽንትህም ደህና ነው። ሽንትህ ቢያስቸግርህ ወይም እግርህ ቢሰንፍ በዚያችው ሰዓት ትመጣለህ፤ ያኔ ሌላ ነገር ነው። ያለዚያ እንዲህ ያለ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቢላ ይሻለዋል። ለጥቂት ቀን ማስታገሻ እሰጥሃለሁ፤ ከምግብ ጋር ነው የምትወስደው። ከዚያ ትነሳና ትራመዳለህ።»

«ተኛ ማለትሽ ነው?»

«ተነስ ማለቴ ነው! የጎዳህ መተኛቱ ነው። ፊዚዮቴራፒ ትጀምራለህ፣ ወገብህን የሚይዙት ጡንቻዎች ይጠነክራሉ። አካፋ አያያዝህንም ያሳዩሃል። ሙቀቱ ደግሞ ደስ ይልሃል፣ አልከለክልህም። ግን ሙቀት በር ይከፍትልሃል እንጂ አይራመድልህም።»

ከጎን አልጋ የሐጂ ሸውቂ ድምፅ መጣ። «ዶክተር፣ እኔ ክኒኔን ደበቅሁት፣ እሱ ወገቡን ደበቀኝ። ሁለት ውሸታሞች ተገናኝተን ሴቲቱን አስቸገርናት።»

ዑምራን ይቅርታ ሊላቸው አሰበና እጁን ወደ አልጋቸው ዘረጋ። ሐጂ ያዙት።

የተከታዮቹ ወራት ነገር ግን እንደ ጨዋታው ቀላል አልነበረም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው መጀመሪያ ያስተማረው እንደ ድመት በአራት እግር ሆኖ ጀርባውን ማጎበጥና ማርገብ ነው። ቤቱ ገብቶ ሲሞክር መብሩካ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ «ሚያው በለና!» አለችው። ተኮሳትሮ ተነሳ፤ በማግስቱ ግን እሷው ራሷ «ና፣ ድመቴ» ብላ ምንጣፉን ዘረጋችለት። በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ማንሳት፣ በሆድ ተኝቶ በክርን ቀና ማለት፣ ሁሉም የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሁሉም ያልባል። አንድ ሳምንት ተሽሎት ይውልና አንድ ጠዋት ካልሲ ሲያጠልቅ ደግሞ ይይዘዋል። «አልሠራም፣ ተታለልን» ብሎ ተስፋ የቆረጠበት ጊዜ ነበር። ያኔ በክር ሳይጠራ ይመጣና «ተነስ አያ፣ እስከ ወይራው ድረስ» ብሎ ክንዱን ይይዘዋል። ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሲመለሱ ሕመሙ ሁልጊዜ ትንሽ ጎድሎ ይመለሳል።

ስለ መብሩካም አንዳንድ ምላስ አላረፈም። አንዱ ጎረቤት «ሚስትህ ባዕድ ወንድ አወጣች አሉ» ቢለው፣ ዑምራን «አዎ፣ ከሞት አወጣች፤ ያንተም ሚስት ጎበዝ ናት፣ አላህ ያን ቀን ያርቅልህ እንጂ» ብሎት አለፈ። ሰውየው ሁለተኛ አላነሳውም።

በሚቀጥለው በጋ ሁለት አካፋ ባለበት ጊዜ ብቻ ጉድጓዱ ተከፈተ። ዑምራን በር ላይ ተቀምጦ የክኒን ነገር የሚጠይቀው እሱ ሆነ፤ ክኒን የያዘውን ሰው «ሐኪምህን ጠይቀህ ና» ብሎ ይመልሳል። ተቆጥቶ ወደ ሌላ ቀባሪ የሚሄድ አለ። ይሂድ።

አንድ ዓርብ ደግሞ መስጊድ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። ዑምራን ለዓመታት ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሱጁድ ሲወርድ እንደ ግመል በየተራው ተጣጥፎ፣ ሳይነሳም ሕመሙን እየፈራ ነበር የሚሰግደው። ያን ቀን ወረደ፤ ግንባሩ ምንጣፉን ነካ፤ ከወገቡ ምንም ነገር አልተሰማውም። ሶላቱ ካለቀ በኋላ ብቻውን ደግሞ ወረደና እዚያው ቀረ። ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ አልተነሳም።

አንድ ሽማግሌ አዝነው ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ ያዘህ እንዴ? ሰው ልጥራልህ?»

«የለም አባቴ» አለ ዑምራን፣ ግንባሩን ሳያነሳ። «እያመሰገንኩ ነው።»